የመዋኛው ፓምፕ

ቡሬ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድም ጋሼ ሀብተሚካኤል
ፍኖተ ሰላም

እንደምን ከረሙ ወንድም ጋሼ? የባለቤትዎ የእትዬ ምሕረት ጉልበትስ ክረምቱን እንዴት ቻለው? እኔ ቆሜ እየሄድኩ ነው፤ ስለ ጤናዬ ይህን ያህል ከጻፍኩ ይበቃል። መልሱን በማዘግየቴ ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤዎ እጄ ከገባ ቆይቷል፤ ግን ሾፌሩ ታደለ አይሱዙውን ገትሮ መንገዱ እስኪከፈት ሲጠብቅ ሰነበተ። ስልኩም አንድ ቀን ሠርቶ ሳምንት ይጠፋል፤ ሲሠራም የልብ አይወራበትም። ቡሬና ፍኖተ ሰላም ድሮ ለምሳ ደርሰን የምንመለስበት መንገድ ነበር፤ አሁን እንደ ባሕር ማዶ ሰው በደብዳቤ ሆንን።

«ሳትደብቂ ንገሪኝ፣ ሆቴሉ እየሄደ ነው ወይስ ቆሟል?» ብለው ጠይቀዋል። አልደብቅዎትም፣ ሊቆም ነው። የላይኛው ፎቅ ክፍሎች ባዶ ናቸው። ለኢንዱስትሪ ፓርኩ ጉዳይ ይመጡ የነበሩት እንግዶች ቀርተዋል። የሚያኖረን ሠርግ ብቻ ነው፤ ሰው በዚህም ዘመን ይጋባል። ሙሽሮቹም ወደ እኛ የሚመጡት ለምግባችን ሳይሆን በመዋኛው ዳር ፎቶ ለመነሣት ነው። ባለቤቴ ባንተአምላክ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ያን ገንዳ ሲያስቆፍር «ቡሬ ላይ ማን ሊዋኝ ነው?» ብለን ስቀንበት ነበር። ዛሬ ቤቱን ደግፎ የያዘው እሱ ነው።

ውሃው ግን ተበላሸብኝ። ፓምፑ ካልሠራ አይጣራም። መብራት ከመጣ ከሄደ አይታወቅም። ጄኔሬተሩን እንዳናስነሣ ናፍጣው በጀሪካን ከጥቁር ገበያ ነው፤ እሱም ሲገኝ። ናፍጣ ባጣንበት ሰሞን ውሃው መጀመሪያ ደፈረሰ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ ሆነ፣ አሁን እንቁራሪት ይጮህበታል። እንዳላፈሰው ደግሞ ገንዳው ባዶውን ከቀረ ከሥር የሚገፋው የመሬት ውሃ ወለሉን እንደሚሰነጥቀው ባንተአምላክ አስጠንቅቆኝ ነበር። ጄኔሬተሩን የሚጠብቀው ወንድምአገኝም፣ ወጥ ቤቶቹም፣ አልጋ የሚያነጥፉትም ልጆች ዓይን ዓይኔን ያያሉ። ለጥር ውሃው ካልጠራ ሠርግ የለም፤ ሠርግ ከሌለ በሩን እዘጋለሁ።

እርስዎ ዕድሜዎን በመስኖ ሥራ ያሳለፉ ሰው ነዎት። ለገበሬዎቹ ይተክሉላቸው የነበረው በፀሐይ የሚሠራ ፓምፕ ለመዋኛ ይሆን ይሆን? ይሆናል ካሉኝ ይፈልጉልኝ። አባታችን ከሞተ ጀምሮ የቸገረኝን ሁሉ ወደ እርስዎ ነው የማመጣው፤ ዛሬም ሌላ በር አላውቅም።

እህትዎ ውቢት


ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውቢቴ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ምሕረት በከዘራ ነው የምትሄደው፤ ቢሆንም ከቤተ ክርስቲያን አልቀረችም። «ውቢትን ዓይኗን ሳላይ ልሞት ነው» እያለች ታስቸግረኛለች። አንቺም በርቺ፤ ደብዳቤሽን ሳነብ ድምፅሽ የደከመ መሰለኝ።

ለመዋኛ ይሆናል ወይ ላልሽው፣ ይሆናል። የመስኖ ፓምፕ ውሃውን ከወንዝ ስቦ ወደ ማሳ ያወጣል፤ ያንቺው ደግሞ ከገንዳው ስቦ በአሸዋ ማጣሪያው አሳልፎ መልሶ ወደ ገንዳው ያስገባል። ሥራው አንድ ነው። ባትሪ አያስፈልግሽም። ፀሐይ ስትወጣ ይነሣል፣ ስትጠልቅ ይተኛል። ባንተአምላክ ሌሊቱንም ያስነዳው የነበረው ትርፍ ነው፤ ፀሐይ ባለበት ቀን ውሃው አንድ ጊዜ ሙሉውን ዞሮ ከተጣራ ይበቃዋል። ማታ ገንዳውን በፕላስቲክ ሸራ ሸፍኚው፤ ውሃው አይተንም፣ ክሎሪኑ ቶሎ አያልቅም፣ ቅጠልም አይገባበትም። ይህን ካደረግሽ ለናፍጣ የምታወጪው ይቀራል። በክረምት ደመናው ያደክመዋል፤ ያኔ ደግሞ ሠርግ ስለሌለ ብዙ አይጎዳሽም።

በታደለ አፍ እንዳስነገርኩሽ ዕቃ አግኝቻለሁ። ያገለገለ ነው፤ ግን ፈትሼዋለሁ፣ ደህና ይሠራል። አዲስ ከአዲስ አበባ እናስመጣ ብንል በዚህ መንገድ መቼ እንደሚደርስ አላውቅም። ታደለ ከገለባ ሥር ጭኖ ያመጣልሻል፤ ኬላ ላይ የሚባለውን እሱ ያውቃል።

በታደለ የላክሽውን የቃል መልእክት ሰምቻለሁ። ከየት የተገኘ ዕቃ ነው ብለሻል። ከብር ነው። ከዚህ የረዘመ መልስ በወረቀት አትጠይቂኝ። ፓነሎቹን ከመንገድ በማይታይ ቦታ፣ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ አስተክያቸው። ጎረቤት ከጠየቀሽም ከባንተአምላክ ጊዜ ጀምሮ የተቀመጠ ነው በይ።

ወንድምሽ ሀብተሚካኤል


ቡሬ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፣

እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝመው። ቶሎ ባለመጻፌ ይቅርታ፤ ሥራ ላይ ወድቄ ነው፣ ይህን ስጽፍልዎ ደግሞ ደስ እያለኝ ነው።

ደረሰ ወይ፣ ተሰበረ ወይ ብለው በታደለ አስጠይቀው ነበር። በደህና ደረሰ። ወንድምአገኝ እርስዎ በሳሉለት መሠረት ተከለው። ፀሐይ ሲነካው ድምፁ እንኳ የንብ ያህል ነው። ጄኔሬተሩ ዝም ሲል ግቢው እንዴት ሰፊ እንደሆነ አየሁት፤ ወፍ ይሰማል። ውሃው መጀመሪያ ከአረንጓዴ ወደ ነጭ አተላ ተለወጠ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ጠራ፤ አሁን የወለሉ ሰማያዊ ንጣፍ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ከጥምቀት በኋላ ላሉት ቅዳሜና እሑዶች ሠርገኞች ቀን እየያዙ ነው።

«ከብር ነው» ያሉትን አንብቤ ሳቅሁ። ሰው የሚገዛው በብር ነው እንጂ በምን ነው? ንጹሕ ግዢ ነው፣ ሌላ አትጠይቂ ማለትዎ እንደሆነ ገባኝና አልጠየቅሁም።

ስለ ሠራተኞቹ ለጠየቁኝ፣ ማንንም አላባረርኩም፤ እንዲያውም አንዲት ጨመርኩ። አስካለ ማርያም ትባላለች፤ ከገጠር ተፈናቅላ እዚህ አክስቷ ዘንድ የተጠጋች ልብስ አጣቢ ናት። ዝምተኛ ናት፤ አንሶላ ስትጨምቅ ግን የሁለት ሰው ጉልበት አላት። የእኔ እኩያ ሳትሆን አትቀርም፤ ግን «እትዬ» ትለኛለች፣ ብከለክላትም አልተወችም።

በመምጠጫው ቱቦ አፍ ላይ ተጠቅልሎ የመጣውን ጨርቅ ወንድምአገኝ ሊጥለው ነበር። ቅጠሉን ይይዝልናል ብዬ አስቀረሁት። ዳሩ በአረንጓዴና በቢጫ ክር የተጠለፈ ነው፤ የማን እጅ እንደሆነ እንጃ፣ ያምራል።

እትዬ ምሕረትን ሳሙልኝ።

ውቢት


ፍኖተ ሰላም፣ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውቢቴ፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰሽ። ደስታሽን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። መልሴ ያጠረው ስለቸኮልኩ ነው፤ ታደለ ሞተሩን አስነሥቶ እየጠበቀኝ ነው።

ያን ጨርቅ ጣይው። በገበያ ሽቦ ወንፊት ይሸጣል፤ ወንድምአገኝ እሱን ያስርበት። የፓነሎቹን ጠርዝም ቀለም አስቀቢ፤ ዝገት ይከላከላል።

ልብስ አጣቢዋ የየት አገር ሰው ናት? ገጠር ማለት ሰፊ ነው። ባልሽ ያቆመው ቤት ነውና የማታውቂውን ሰው ወደ ጓሮ ባታስገቢ ደስ ይለኛል። ሰው ማገዝ ጽድቅ ነው፤ ግን እዚያው ቤቷ እያለች ብትረጃትስ? ይህን ስጽፍ ክፉ ሰው ሆኜ አይደለም። ጊዜው ነው።

ሀብተሚካኤል


ቡሬ፣ ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፣

ለጤናዎ እንደምን አሉ? እኔ ደህና አይደለሁም። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

አጣቢዋ የየት አገር ሰው ናት ብለው ነበር። እርስዎ የሚያውቁት አገር ሰው ናት። እንዴት እንዳወቅሁ ልንገርዎ።

ባለፈው እሑድ ሠርግ ነበረን። ሙሽሮቹ ሲገቡ ሚዜዎቹ ፈንዲሻና አበባ ገንዳው ውስጥ በተኑበት፤ በማግስቱ ቱቦው ታፈነ። ወንድምአገኝ የቱቦውን አፍ አውጥቶ፣ ጣይው ብለውኝ ያልጣልኩትን ያን ጨርቅ ፈታና እንድታጥበው ለአስካለ ማርያም ሰጣት። እኔ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሜ አያታለሁ። ጨርቁን ዘረጋችው፣ ዳሩን በጣቷ እየተከተለች እስከ ጫፉ ሄደች፣ ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለች። አመመሽ ወይ ብዬ ቀረብኳት።

«ደህና ነኝ እትዬ። ይህን ጨርቅ ከየት አገኙት?»

ከፓምፑ ጋር የመጣ ነው አልኳት።

«የቀሚሴ ጥለት ነው» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ደለሉ ፓምፑን እንዳይጎዳው ብሎ ኪዳነ ማርያም ቢጠይቀኝ ቀድጄ የሰጠሁት ነው። ዳሩን የጠለፍኩት እኔ ነኝ።»

ኪዳነ ማርያም ባሏ ነው። ከብር ወንዝ ዳር ሽንኩርት ያለሙ ነበር። ፓምፑ ለጎረቤታሞች በማኅበር የተሰጠ ነው፤ ጠባቂውም አንቀሳቃሹም እሱ ነበር። ያለፈው ግንቦት ጠመንጃ የያዙ ሰዎች መጡባቸው። የማን ወገን እንደሆኑ አልጠየቅኋትም፤ እሷም አልነገረችኝም። ፓነሎቹ እንዳይሰበሩ ራሱ እንዲፈታቸው አዘዙት፤ ፈታ። ከዚያ አሠራሩን ያሳየናል ብለው ይዘውት ሄዱ። ሲሄድ ለእሷ የነገራት ሽንኩርቱን በባልዲ እንድታጠጣው ነው፤ እመለሳለሁ ብሏታል። ዝናቡ እስኪገባ በባልዲ አጠጣች። አልተመለሰም። ሞተ ያለ የለም፣ አለ ያለም የለም። «ከል ልልበስ ወይስ ልጠብቅ፣ እሱን እንኳ የሚነግረኝ አጣሁ» አለችኝ።

አሠራሩን ማን አስተምሮት ነበር ብዬ ጠየቅኋት። አንድ ባለሙያ ከፍኖተ ሰላም እየተመላለሰ አስተማረው አለች። «ጋሼ ሀብቴ እንለው ነበር። ደግ ሰው ነው፤ ቤታችን ብዙ ቀን እህል ቀምሷል።» የእኔ ወንድም መሆንዎን አታውቅም። እኔም አልነገርኳትም።

«ከብር ነው» ያሉኝ ያን ጊዜ ገባኝ። ገንዘቡን ሳይሆን ወንዙን ነበር ያሉት። እኔ ደግሞ ስቄ አለፍኩት።

አሁን የምጠይቅዎ ሁለት ነገር ነው። ዕቃውን ሲገዙ የማን እንደሆነ ያውቁ ነበር? ኪዳነ ማርያምስ የት ነው?

ውቢት


ፍኖተ ሰላም፣ የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ ሆይ፣

ደብዳቤሽን አንብቤ በምድጃው ከተትኩት። አንቺም የእኔን እንዲሁ አድርጊ። ምሕረት የምታውቀው ነገር የለም፤ እንድታውቅም አልፈልግም።

ዕቃውን ሳየው አወቅሁት። እኔው በእጄ የተከልኩትን እንዴት አላውቅም? ግን አስቢው። እኔ ብተወው በማግስቱ ሌላ ሰው ይገዛው ነበር፤ ወይም ተፈታትቶ በየገበያው ይሸጥ ነበር። አንቺ ደግሞ ልትዘጊ ነው። ባንተአምላክ ሲሞት አደራ ያለኝ አንቺን ነው። ከሌላ ሰው እጅ በእህቴ እጅ ቢሆን ይሻላል ብዬ ገዛሁት። ስትፈልጊ ፍረጂብኝ። ነገር ግን የፈረድሽብኝ ጠርቶ በታየ ውሃ አጠገብ፣ ሠርግ ባለበት ግቢ ቁጭ ብለሽ መሆኑን አትርሺ።

ዕቃውን ልመልስ እንዳትዪ። የሸጠልኝ ሰው እዚሁ ከተማ ነው። ጠዋት ወደ ቢሮ ስሄድ ከሱቁ በር ላይ ሆኖ ሰላም ይለኛል። ፓምፑ ተመልሶ ብር ዳር ከታየ እሱና ጠመንጃ የያዙት ሰዎች ማን ነገራት ይላሉ፤ ነጋሪው ማን እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ብዙ አይደክሙም። ሴትዮዋን ከደመወዟ ጨምረሽ ሸኚያት። ለእሷም ለእኛም የሚበጀው እሱ ነው።

ስለ ኪዳነ ማርያም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የት እንዳለ አላውቅም። ታታሪ ሰው ነበር። አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ማሳየት አያስፈልገውም ነበር።

ሀብተሚካኤል


ቡሬ፣ የካቲት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድም ጋሼ፣

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ። ደብዳቤዎ ደርሶኛል፤ አላቃጠልኩትም።

ፈረድሽብኝ ላሉት እውነትዎን ነው፤ የኖርኩት በዚያ ውሃ ነው። በጥር ወር የበላነው እንጀራ ሁሉ ከዚያ ነው። ይህን ለእርስዎ ትቼ እኔ ንጹሕ ነኝ አልልም። የሠራተኞቼን ፊት እያየሁ ሦስት ሳምንት ዝም ብዬ ከርሜያለሁ። አስካለ ማርያምም በዚያ ሦስት ሳምንት አንሶላዬን ስታጥብ ነበር፤ ፓምፑ ከጀርባዋ እየሠራ።

ከዚያ በኋላ አልቻልኩም። ቅበላው ካለፈ በኋላ ክፍሌ አስገብቼ ጋሼ ሀብቴ የምትሉት ሰው ወንድሜ ነው አልኳት። ትጮሃለች ብዬ ነበር። በሩን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ዕቃውን ውሰጂ፣ ጋሪ እኔ አስመጣለሁ አልኳት።

«ዕቃው ይቆያል» አለችኝ። «እኔ የምፈልገው ባሌን ያስቀሩበትን ቦታ ነው። ፓምፑን ያመጣው ሰው ያውቃል።»

ወንድሜ አላውቅም ብሏል አልኳት። ደብዳቤውን እንዳነብላት ለመነችኝ፤ ፊደል አልቆጠረችም። ስለ እሱ የጻፉትን አነበብኩላት። «ነፍሱን ይማረውና» የምትለው ላይ ስደርስ እጄን ያዘችኝ። እኔ ሳነብ ሁለት ጊዜ አልፌው ነበር፤ እሷ አንድ ጊዜ ሰምታ ያዘችው። የት እንዳለ የማይታወቅን ሰው ነፍሱን ይማር አይባልም። ይህን እርስዎም ያውቃሉ፤ ብዕርዎ ቀደመዎት እንጂ።

ከዚያን ቀን ጀምራ ከል ለብሳለች። ግን ፍትሐት ማስፈታት አልቻለችም፤ የአጥቢያችን ቄስ ሬሳው የት ነው፣ ማን አየው ይሏታል። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመጀመሯ በፊት በሬ ላይ ትቆማለች። አትናገረኝም። ደብዳቤ መጣ ወይ ማለቷ ነው።

ወንድም ጋሼ፣ ስለ ሻጩ ያለዎት ፍርሃት እውነት ነው፤ አልንቀውም። እኔም ፈርቻለሁ። ግን ይህች ሴት ያልኳትን ሁሉ እሺ እያለች ስትሠራልኝ የከረመች ናት፤ የጠየቀችኝ ደግሞ ይህን አንድ ነገር ነው። የሚያውቁትን ይጻፉልኝ። አልጽፍም ካሉ እኔና እሷ የታደለ መኪና ላይ ወጥተን ፍኖተ ሰላም እንመጣለን፤ የምንጠይቅዎም እትዬ ምሕረት ባሉበት ይሆናል።

ውቢት


ፍኖተ ሰላም፣ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውቢት፣

እንዳትመጡ። መንገዱም አይሆንም፣ ምሕረትም ታማለች።

ያየሁት ነገር የለም፤ የሰማሁትን ነው የምጽፈው። ፓምፑን የገዛሁ ዕለት ሻጩን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት። ባለቤቱ ኋላ መጥቶ ዕቃዬ ነው እንዳይለኝ አልኩት። «አይመጣም» አለኝ። እንደዚያ ብሎ ሻይውን ጠጣ። ከዚያ ሳልጠይቀው የቀረውን ነገረኝ።

ኪዳነ ማርያም ወንዙን እስኪሻገሩ ድረስ ፓነሉን ተሸክሞላቸው ሄደ። ማዶ ሲደርሱ ሸክሙን በሥርዓት አስቀመጠና ሽንኩርቴ ይደርቅብኛል፣ ልመለስ አላቸው። እንቢ ቢሉትም ዞሮ ወደ ወንዙ መሄድ ጀመረ። ከኋላው ተኮሱበት። በማግስቱ ማዶ ያለችው የትንሿ አቦ ቤተ ክርስቲያን ካህናት አግኝተው ከቅጥሩ ውጭ፣ በምሥራቅ በኩል፣ ከወይራው ሥር ቀብረውታል። ስሙን አላወቁም። ራስጌው ላይ ድንጋይ አለ ይባላል።

ይህን ካወቅሁ ጊዜ ጀምሮ ብር ዳር አልሄድኩም። የመስክ ሥራ ሲመጣ አሞኛል እላለሁ።

አሁን የጠየቅሽውን አግኝተሻል። እኔም በተራዬ ልለምንሽ። ይህን ወረቀት አቃጥይው። ሴትዮዋም፣ ካህናቱም፣ የማኅበሩ ሰዎችም ማን ነገራችሁ ሲሉ መንገደኛ ነው በሉ፤ የሻይ ቤት ወሬ ነው በሉ። ስሜን ብቻ አታንሺ። አሳድጌሻለሁና ይህን አትከልክይኝ።

ሀብተሚካኤል


ቡሬ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድም ጋሼ ሀብተሚካኤል፣

ፋሲካን እንዴት ዋሉ? እትዬ ምሕረት ዳኑ ወይ? ከመጋቢት ወዲህ እርስዎ በታደለ የላኳቸው ሁለት ደብዳቤዎች ደርሰውኛል። ዝም ያልኩት አኩርፌ አይደለም። የሚጻፈው ነገር እስኪያልቅ እየጠበቅሁ ነበር።

አገኛችሁት ወይ ብለው ጠይቀዋል። አገኘነው። እኔ፣ አስካለ ማርያምና አክስቷ ሄድን። መንገዱ ሁለት ቦታ ተዘግቶ በእግር ዞርን። የአቦ አስተዳዳሪ ሽማግሌ ቄስ ናቸው፤ እርስዎ እንዳሉት ቀብረው ስሙን ሳያውቁ ነው የፈቱት። ስለ ቁመቱ፣ በቀኝ ክንዱ ላይ ስላለው የቃጠሎ ጠባሳ ነገሩን። አስካለ ማርያም እየሰማች ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። ጠባሳው የምድጃ እሳት ነው አለች፣ እሷን ከእሳት ሲያወጣ። ድንጋዩን አቅፋ ረጅም ጊዜ ቆየች፤ ማንም ተነሽ አላላትም። በማግስቱ በስሙ ተፈታ። ኪዳነ ማርያም ተብሎ ሲጠራ አክስቷ ወደቀች፤ እሷ ቆማ ሰማች።

ስለ ፓምፑም ጠይቀዋል። የለም። የማኅበሩ ሰዎች በዳግም ትንሣኤ ማግስት፣ ዛሬ ማለዳ፣ በፈረስ ጋሪ መጥተው ወሰዱት። ወንድምአገኝ አብሯቸው ፈታ። መልሰው ይትከሉት ወይ ይሸሽጉት አላውቅም፤ አልጠየቅኋቸውም። የያዝኳቸውን ሠርጎች ሰርዣለሁ። ሠራተኞቼን አሰናብቻለሁ፤ ወጥ ቤቶቹ አለቀሱ፣ ወንድምአገኝ ግን እጄን ጨብጦ ወጣ። ነገ በሩን እዘጋለሁ። ባንተአምላክ ቢኖር ምን ይለኝ እንደነበር አላውቅም። በየሌሊቱ እጠይቀዋለሁ።

አሁን ደግሞ ደጋግመው የጻፉልኝ ነገር ላይ ልድረስ። «ስሜን አነሣሽ ወይ?»

ፍትሐቱ ካለቀ በኋላ ቄሱ ሁላችንንም ከወይራው ሥር አስቀምጠው ጠየቁን። ይህ ሰው ዓመት ሊሞላው ነው፣ ጠያቂ አልነበረውም፣ እዚህ መሆኑን ማን ነገራችሁ አሉ። የማኅበሩ ሰዎችም፣ የኪዳነ ማርያም ወንድሞችም ነበሩ። አስካለ ማርያም ታውቃለች፤ ደብዳቤውን ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ግን መሬት መሬት እያየች ለእኔ ተወችልኝ። መንገደኛ ነው ብል ዝም ትለኝ ነበር፤ ይህን ፊቷ ላይ አየሁት።

ልበል ብዬ አፌን ከፍቼም ነበር። ያሳደጉኝን አስቤ፣ ሻጩን አስቤ፣ እትዬ ምሕረትን አስቤ። ከዚያ ያቺ ሴት ባሏ የት እንደወደቀ ሳታውቅ ስንት ቀን በሬ ላይ እንደቆመች አሰብኩ። ያን ሁሉ ቀን የሚያውቅ ሰው ነበር።

«ወንድሜ ነው የነገረኝ» አልኩ። «ሀብተሚካኤል። ቤታቸው እህል የቀመሰው።»

የኪዳነ ማርያም ታላቅ ወንድም ተነሣ። ሰዎች ያዙት። ቄሱ መስቀላቸውን አንሥተው እስኪቀመጥ ጠበቁ። ከዚያ አስካለ ማርያም ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች።

«ማንም እንዳይነካው» አለች። «ይምጣና መቃብሩን ይየው። ከዚያ ወዲያ እኔ የምጠይቀው የለኝም።»

ወንድምየው እጁን ከሰዎቹ አስለቅቆ ወደ ወንዙ ወረደ። ይቅር ይበል አይበል አላውቅም። ሻጩም ወሬው ደርሶት ይሆናል። በዚያ በኩል ለሚመጣብዎ ነገር እኔ ምክንያት ነኝ፤ አልክድም፣ ይቅርታም አልጠይቅበትም። ቤትዎን ቢለቁ ይሻላል፤ ታደለ በመኪናው ለእትዬ ምሕረትም ለእርስዎም ቦታ ይዞ እንዲጠብቅ ነግሬዋለሁ።

ከፍኖተ ሰላም ወደ አቦ ሩቅ አይደለም። እስከ ወንዙ ድረስ ያለውን መንገድ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ቄሱ እጠብቀዋለሁ ብለዋል። እዚያ ሄደው ከወይራው ሥር ሳይቆሙ ግን ወደ እኔ አይምጡ። ይህን ለታላቅ ወንድሜ የጻፍኩት እያወቅሁ ነው።

ውቢት